ጨጎጊት

ማርሹ አልገባ ብሎ ባጃጄ ጋራዥ ቀረች፤
እሁድ በማለዳ እትዬ ዳሳሽ መጥታ በሬን ቆረቆረች።
ሠላሳ አንድ ዓመት ቅጠል አድርቃ በጋዜጣ መሃል
ቢሮው ጡረታ አውጥቷታል፤ እግሯ ግን እምቢ ብሏል።
«ተነስ፣ ዘመነ ጽጌ ነው፣ ሳያልፍብን እንሂድ፣
ጎማ ያልረገጠው አሳይሃለሁ አንድ መንገድ።»

እኔ ባሕር ዳርን የማውቃት በታሪፍ ነው፤
ከጊዮርጊስ አባይ ማዶ አሥር ብር፣ ሲመሽ የተስማማነው።
ዳገት ማለት ለእኔ ቤንዚን የሚበላ፣
አበባም ሙሽራ መኪና ላይ ያለው፣ ላስቲኩ፤ አላውቅም ሌላ።

ድልድዩን ተሻገርን፤ ጉማሬ ያዛጋል ከታች ከውሃው ዳር፤
ቤዛዊትን ወጣን፣ እኔ እያለከለክሁ፣ እሷ እንደ ቆቅ ስትበር።
የስልሳ አምስት ዓመት ሴት!
ጫማዬን አስራለሁ እያልሁ ሦስት ጊዜ ዋሸኋት።

ከኮረብታው ጀርባ ሜዳው ተዘርግቷል፤
አደዩ ሊሄድ ነው፣ ግማሹ ጠውልጓል፤
ከሥሩ ሐምራዊው፣ ነጩ፣
እንደ መናኸሪያ ሰልፍ ተራ ይጠብቃል።

«ይህ ማገጥ ነው» አለች፣ «ንብ የሚሰክርበት፤
ያ ቀጋ ነው፣ ራቅ በል፣ እሾህ አለበት፤
ይህ ዳማከሴ ነው፣ እሸው በመዳፍህ፣ ሳይታሽ አይሸት።»
አሸሁት፤ እስከ ማታ ግሪስ የለመደው እጄ
የሌላ ሰው እጅ ሸተተኝ፣ የተዋስሁት ከወዳጄ።

«ይህቺስ?» አልኋት ድንገት፤
ሰማያዊ ናት፣ ከጥፍር የምታንስ፣ ሣር የደበቃት።
ተንበረከከች። መነጽሯን አወለቀች፣ ዳግም አደረገች።
«አላውቃትም» አለች፤
ደግሞ ደስ አላት! እንደ ልጅ ሳቀች።
እኔ ግን ተሳፋሪ የማላውቀውን ሰፈር ቢጠራ
«አውቀዋለሁ፣ ግባ» ብዬ ስንቱን ቀን ዞሬያለሁ በኪሳራ።

ቂጣ በአዋዜ በላን። ጣና ከሰማይ ጋር ወሰኑ ጠፍቶ
አንድ ታንኳ አየር ላይ ቆሟል፣ ማገዶ ሞልቶ።

ስንመለስ አየነው፣ ማገጡ መሃል ችካል ቆሞ፣
ቁጥሩ በቀይ ቀለም ታትሞ።
የማን ቦታ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤
እሷም ነጠላዋን አጣፋች እንጂ ምንም አላለችም።

ማክሰኞ ባጃጄ ዳነች።
አንዲት የባንክ ሠራተኛ፣ ጥቁር ጉርድ የለበሰች፣
ከኋላ ተቀምጣ «ምንድን ነው ይሄ?» ብላ ጮኸች።
ዞር ብዬ አየሁ፦ ከሱሪዬ ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ጉርዷ
ተሻግሮ፣ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ባለ ሁለት ጥርስ እንግዳ።
«ጨጎጊት ነው» አልኋት፣
እንደ አዋቂ ቀለል አድርጌ፣ ታሪፍ እንደምነግራት።
ነቅላ ወረወረችው፣ ዲያስፖራ ሰፈር ስትወርድ፣
ከአስፋልቱ ጠርዝ፣ እፍኝ አፈር ካለበት ጉድጓድ።

የእሷን አሥር ብር ተቀበልሁ፤
ዘሩን በነጻ አደረስሁ።