ጀርባ ለጀርባ

የኮምቦልቻ ሙቀት ሲበርድ ቶርኖዬን አጠፋለሁ፤
ክብሪት ቤት ለምታህል ፉርጎ እግር እተክላለሁ።

ሁለት መንኮራኩር ናቸው፣ ዘንጋቸው አንድ ብረት፣
ጀርባ ለጀርባ ቆመው አይተያዩም ፊት ለፊት።
መሀላቸው ግን ልክ አለው፤
ይኸው መለኪያው፣ ከነሐስ ሞርጄ ያወጣሁት ነው።
ከጠበበ፣ የሐዲዱ መንታ ላይ ጀርባው ይሰነቀራል፤
ከሰፋ፣ የሹሉን አፍንጫ ገጭቶ ይሰቀላል።
ጸጉር ለሁለት ቢሰነጠቅ፣ ግማሹ ይበቃዋል
ለመውደቅ።

ጦይባ ግን፦ «ከቦርከና ማዶ ትልቁን ሐዲድ ሣር ውጦት፣
አንተ ለአሻንጉሊት እግር ዓይንህን ታጠፋለህ ሌት በሌት!»

ትናንት ተኳርፈን አደርን፤
ስለ ምን እንደሆን እንጃ፣ ጀርባ ተሰጣጥተን፣
አንድ አንሶላ ይዞን።
በጨለማ መሀላችንን በስንዝሬ ለካሁት፤
ሁለት ስንዝር ከጣት።
«ይህስ ይጥላል» አልኩ። አልተጠጋሁም።
ኮራሁ፣ ወይ ፈራሁት።

ዛሬ ማታ መለኪያዬን ሳስገባው አልላላ፣ አልጠበቀ፤
ፉርጎዋን በጣቴ ገፋሁ፣ ልቤ ቀድሟት ዘለቀ።
መንታው ላይ ጠቅ አለች፣
አለፈች።

ጦይባ በሩን ተደግፋ፣ የሻሿን ጫፍ ነክሳ፣
«እስቲ ድገማት» አለች።