የኋላው ይክበድ

ከኒሙ ዛፍ ጥላ፣ ከሳቢያን ማዞሪያ፣
ሮብሌ ጎሚስታ ከዘረጋው ማዳበሪያ
ሁለት ጎማ አንሥቶ አንጠለጠለልኝ፣
እንደ ልኳንዳ ሰው «ከየቱ ልስጥህ?» አለኝ።

አንዱ ስስ ነው፣ ስስ፣ እንደ ሳምቡሳ ቂጣ፣
በጥፍር ሲነኩት የክራር ድምፅ የሚያወጣ፤
ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ከአንድ ማንጎ አይበልጥ፣
ቁልቁለት ሲያገኝ እንደ ወሬ የሚሮጥ።

ሌላው ወፍራም ነው፤ ከቆዳው ሥር ደግሞ
ቀበቶ ታጥቋል፣ እንደ ዘበኛ ቆሞ፤
እሾህ ቢመጣበት «ማነህ?» ብሎ የሚያቆም፣
ዳገት ሲያይ ግን እንደ ባለዕዳ የሚያዘግም።

ስሱን አውቀዋለሁ። ሰባት ዓመት ሆነው።
በሽንሌ መንገድ፣ ውድድር ላይ ነው፤
ከፊቴ አሸዋ፣ ከጀርባዬ ነፋስ፣
አብዱሰመድን ቀድሜ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ቀርቶኝ ለመድረስ፣
አንዲት የግራር እሾህ፣ ነጭ፣ እንደ ወተት ጥርስ፤
ጎማዬ ተነፈሰ።
እኔ መተንፈስ አቃተኝ።
ብስክሌቴን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በእግሬ ስመለስ
ከሰል የጫነ አይሱዙ አለፈኝ፤
ረዳቱ ከላይ ጮኸ፦ «ማን ማንን ጋለበ?»

ከዚያ ወዲያ ወፍራሙን ገጠምኩ። አራት ዓመት ሙሉ
አንድ ቀን አልተበሳም። ምስክሮቼ ብዙ ናቸው፦
ደንገጎ ዳገት ላይ የቀደሙኝ ሁሉ።
ሳይበሳ የኖረ ጎማ፣ ሳይፈጥን የቀረ ሰው፤
እነሱ ደኅንነት ይሉታል፣ እኔ ያልኩት ክብደት ነው።

ሮብሌ ይሰማል። ካላማዳሪ ሳፋ ውስጥ ነክሮ
አረፋ እየጠበቀ፣ ዓይኑን ሳያነሣ፦
«ድሬ ላይ ጠላትህ እሾህ ብቻ መሰለህ?
ሽቦ አለ፣ ከፈነዳ የተሳቢ ጎማ የረገፈ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፤
ጠርሙስ አለ፣ ከሠርግ ማግስት፤
ደቻቱ ሞልቶ ሲጎድል አስፋልት ላይ ትቶት የሚሄድ ጠጠር አለ።
ደግሞ ሙቀቱ! ጧት የሞላኸው ነፋስ ቀትር ላይ ሌላ ሰው ነው።
እስኪደነድን መንፋት ትዕቢት ነው፤ ትንሽ ቀንስለት፣
መንገዱን ይቀበለው እንጂ አይዝለልበት።»

ከዚያ አረፋዋን አገኛት። በጣቱ ደፈናት።
«የኋላው ምን ይሸከማል?»
«እኔን።»
«የፊቱስ?»
ዝም አልኩ።
«የፊቱ ዓይን ነው፤ ያያል፣ ይሸሻል።
የኋላው ያላየውን ይረግጣል፤
ፊተኛው የቀሰቀሰውን እሾህ ተኝቶ አያገኘውም፣ ቆሞ ነው የሚጠብቀው።
የኋላው ይክበድ። የፊቱ ይቅለል።»

«ጥንዱን አፍርሰህ ቀሪውን ለማን ልትሸጥ?»
«እንዳንተ ግራ የገባው ሰው ከድሬ አይጠፋ» አለና ሳቀ፤
እኔም የወር ደመወዜን ሲሶ ማዳበሪያው ላይ ቆጥሬ
ቤት የማይመታ ጥንድ ገጠምኩ።

እሑድ፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ደንገጎ።
የፊቱ ያፏጫል፣ የኋላው ያጉረመርማል፣
እንደ ባልና ሚስት፤ ግን ወደ አንድ ቦታ።
አብዱሰመድ ከፊቴ ነው፣ ሸበት ጀምሮታል፣
አልደረስኩበትም፤
ጀርባው ግን ከዓይኔ አልጠፋም፣ ይኼም አዲስ ነገር ነው።

ከላይኛው መታጠፊያ ላይ ማንም ሳያስቆመኝ ቆምኩ።
ከተማዋ ታች መብራቷን አንድ በአንድ ታጠፋለች።
የኋላውን ጎማ በአውራ ጣቴ ዳበስኩት፤
እዚያው ናት። ነጭ። አንገቷ ድረስ ገብታ
ቀበቶው ላይ የቆመች፣ ወይም ያለፈች።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፣ እኛ ዘንድ ይለጥፋል።
ብነቅላት ትተነፍስ ይሆናል፤
ብተዋት ከእኔ ጋር ቁልቁል ትወርዳለች።

ጆሮዬን ጎማው ላይ አስጠጋሁ።
ፀሐይ ወጣች፤ እኔ ገና እሰማለሁ።