የዝናብ ሰንጠረዥ

እኔ የጠመኔ ሰው ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በነጭ አቧራ፣
ኮቴን ሳራግፍ የኖርኩ፣ ከሰሌዳ ጋር ሳወራ።
ስለዚህ ርዕሰ መምህሯ፣ ወይዘሮ ኤዱቪና ቺጓይ፣
"ኮምፒውተር ከእንግዲህ አይሆንም የአንድ ክፍል ጉዳይ"
ስትል፣ ዓይኔን ወደ መስኮት፣ ከመስኮቱ ወደ ሰማይ።

ውጪ ይዘንባል። መቼም እዚህ፣ በቺሎዌ ደሴት፣
ጣሪያው ላይ ሌት ተቀን ሲያወራ፣ ለአፍታ እንኳ የማይተኛ፣
ዝናብ ነው ባለርስቱ፤ ጭሰኞቹ ደግሞ እኛ።

"እንግዲያው" አለች፣ "ሩቅ አንሂድ፤ ከዝናቡ እንጀምር።"
ባዶ የወተት ጣሳ አነሣች፣ ከማዕድ ቤቱ በር።

አንደኛ ክፍል ጣሳውን ያያል፤ በማስመሪያ ይለካል፤
ሁለተኛ በታብሌቱ ፎቶ አንሥቶ ይልካል፤
ሦስተኛ፣ በሁለት ጣት ሳይሆን በዐሥሩም እየተየበ፣
ሰንጠረዡን ይሞላል፣ ቀን በቀን እየሰበሰበ።
አምስተኛ ግራፍ ይሥላል፤ ስድስተኛ በኮድ ያዛል፣
"ከሠላሳ ካለፈ ጩኽ" ሲሉት ደወሉ ይታዘዛል።
አራተኛስ? የእኔ ክፍል? "እናንተ ስሕተት ፈልጉ።"
ቀይ እስክሪብቶዬን አይተው ይሆን፣ ይህን ለእኔ ያደረጉ?

የመጀመሪያው ሳምንት ሐፍረት ነው።
ማውሱ እንደ ዓሣ ከእጄ ሾለከ፤ ፊቴ ቀላ፤
ኦርፊሊያ ናዌልኪን፣ ከወንበሯ ተነሥታ ከኋላ፣
"አይጨምቁት፣ መምህር፤ እንደ ጫጩት ይያዙት፤ እጅዎ ይላላ።"
ላላ። ጫጩቱም ሄደ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ማክሰኞ፣ ጠብታ እንኳ ሳይወርድ ዋለ፤
የእኛ ሰንጠረዥ ግን "ሰማንያ ሚሊሜትር" አለ።
ግራፉ እንደ እንጨት ቤተ ክርስቲያናችን ማማ ቀጥ ብሎ ቆመ፤
ስድስተኞች የሠሩት ደወል ያለ ደመና ጮኸ፤ ደገመ።
የትምህርት ቤቱ ጀልባ ዘዋሪ፣ ዶን ኖልቤርቶ፣ "ማዕበል" ብሎ፣
ከወደቡ እየሮጠ ደረሰ፣ ምሳውን ከነማንኪያው ጥሎ።

እስክሪብቶዬን ላነሣ ስል፣ ስክሪን ላይ ምን ላሰምር?
ክፍሌን ይዤ ወረድኩ፤ ከግራፉ ወደ ቁጥሩ፣
ከቁጥሩ ወደ ፎቶው፣ ከፎቶው ወደ አንደኛ ክፍል በሩ።
ፎቶው እውነት፣ ማስመሪያው እውነት፤ ጣሳው እስከ አፉ ሞልቷል፤
ታዲያ ደመና በሌለበት፣ ይኽ ሁሉ ውኃ ከየት መጥቷል?

ዝም። ዝም። ከኋላ ረድፍ አንዲት ትንሽ እጅ ወጣች፤
"እኔ ነኝ" አለ ሮሳሜል፤ ድምፁ እንደ ክር ቀጠነች።
"ጣሳው ባዶውን ቆሞ ነበር። አዘንኩለት።
ከዚያ... በኩባያ... ዘነብኩለት።"

ሳቁ። አንዱ "ይሰረዝ" አለ፤ ሌላው "ዜሮ ይግባ በቦታው"፤
ሮሳሜል አንገቱን ደፍቶ፣ የጫማውን ክር ፈታው።
ኦርፊሊያ ግን፣ "አይጥፋ" አለች፤ "እውነተኛው ይግባ፣ ዜሮ፤
ማንም አንባቢ ግራ እንዳይጋባ፣ የሆነው ይጻፍ ተዘርዝሮ።"

ራሴ ጻፍኩት፤ ፊደሉን እየፈለግኩ፣ በሁለት ጣት፦
ማክሰኞ። ከሰማይ፣ ዜሮ።
ከሮሳሜል፣ ሰማንያ።

ማታ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ፣ አንድ ነገር ቆረቆረኝ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ስንቱን መልስ በቀይ መስመር ሰርዤ ሳልፍ፣
"ከየት አመጣኸው?" ብዬ የጠየቅኩት ልጅ አልታይ አለኝ።
ከነዚያ መሐል ስንቱ ይሆን፣ አዝኖ የዘነበ?

ረቡዕ ባለርስቱ ተመለሰ፤ ጣሪያውን ደበደበው።
በመስኮት ሳይ፣ ሮሳሜል ጣሳው አጠገብ ቆሟል፤
ኮፍያው እስከ ቅንድቡ፣ ማስመሪያው በብብቱ፣
ሁለቱም እጆቹ ኪሱ ውስጥ፣ ጥብቅ ብለው፤
ጣሳው ብቻውን ሲሞላ፣ ያያል።