ጋሪውን ማን ያነሳል?

ቅዳሜ አመሻሹን፣ ሙቀቱ ሲሰበር፣
ሚዛኔን ለሂንድያ አደራ ሰጥቼ፣
እገባለሁ ቡሽራ ቤት፣ በዚያ በጠባቡ በር፣
አሥር ብሬን ከፍዬ፣ ጫማዬን አውጥቼ።

ፊልም አዋቂ አይደለሁም። የመጣውን ነው የማየው።
ቡሽራ ነው መራጩ፣ ቡሽራም ነው የሚተረጉመው፤
ማይኩን አፉ ላይ ደቅኖ፣ ከፈረንጁ ቀድሞ ይናገራል፣
ፈረንጁ ሁለት ቃል ቢል፣ እሱ ሩብ ሰዓት ያወራል።
ሰውየው «ሩጡ!» ሲል፣ «አቦ እግሬ አውጪኝ በሉ» ይላል፣
ሴትዮዋ ስታለቅስ፣ «የሳቢያን ልጅ ናት መሰል» ብሎ ያስቃል።

የድብድቡ ፊልም ጥሩ ነው። ቡጢው ይጥማል፣ አልዋሽም።
አንዱን ባንዱ ላይ ሲከምር፣ የኔም እግር አያርፍም፣
የፊቴን ሰው ወንበር እመታለሁ፣ ዞሮ ቢቆጣም አልሰማም።

ጥይቱ ግን አያልቅም።
የኔ ፌስታል እንኳ ያልቃል፣ ገና ሳይሆን ስድስት ሰዓት፤
እሱ ከጠዋት ይተኩሳል፣ አንዴም አላየሁት ሲሞላት።

ደግሞ ያቺ መኪና። ሁልጊዜ በገበያ መሃል ነው የምታልፈው፣
አስፋልት ጠፍቶ ነው? ወይስ ሾፌሩን ፍራፍሬ ነው የሚጠራው?
ጋሪው ተገለበጠ።
ብርቱካኑ ተንከባለለ፣ ሐብሐቡ ፈረጠ፣
ቤቱ በሳቅ ተናጠ።
አንዲት ሴት፣ ሻርፗ ወርዶ፣ እጇን አንስታ ጮኸች፣
የዐይን ጥቅሻ ታህል ታየችና ጠፋች።

እኔ እዚያው ከሷ ጋር ቀረሁ።
መኪናው ድልድይ ዘለለ፣ ሄሊኮፕተር ወደቀ፣
እኔ የሐብሐቡን ዋጋ በጣቴ እደምራለሁ።
ከኤረር በዱቤ የመጣ ቢሆንስ?
ባለዕዳው ነገ ማለዳ ደጇ ላይ ቢደርስ?
«ቡሽራ! ጋሪውን ማን አነሳላት?» ብዬ ጮህኩኝ ከኋላ፤
«እትዬ ትርፌ፣ ክፍል ሁለት ላይ ነው» አለኝ፣ ሳይል ቸላ።

ክፍል ሁለትን አየሁት።
ጋሪው የለም። ሌላ ገበያ ነው ያፈረሱት።

አስቂኝ የሚሉት ደግሞ፣ ወፍራም ሰው በር ላይ ሲጣበቅ፣
ኬክ ፊት ላይ ሲለጠፍ፣ ሱሪ ሲወልቅ፤
ይሄ አያስቀኝም። በባጃጅ ሦስተኛ ሆኖ የተሳፈረ
መጣበቅን ድሮ ተማረ።
አንዱ ግን ገደለኝ።
ሌባ ሊሰርቅ ይገባል፣ ቤቱን ዝብርቅርቅ ብሎ ያገኘዋል።
ቆም ይላል። ያስባል። መጥረጊያ ያነሳል።
ሰሃን ሲያጥብ፣ አልጋ ሲያነጥፍ፣ ነጋበት፤
ቆሻሻውን ደፋላቸው፣ ሲወጣ በዚያው ሰዓት።
ስቅ እስኪለኝ ሳቅሁ፤ ከጎኔ ያለው ልጅ ውሃ አቀበለኝ፣
አሁንም ሰሃን ሳጥብ፣ ብቻዬን ያስቀኛል ትዝ ሲለኝ።

የማይገባኝ መጨረሻው ነው።
ሕንፃው ከኋላው ሲጋይ፣ እሱ መነጽሩን ያደርጋል፣
ዞር ሳይል፣ ሳይቸኩል ይሄዳል።
ልጆቹ ያፏጫሉ። ቡሽራ «ወንድ!» ይላል።

እኔ ደቻቱን ሰምቼዋለሁ፣ በሌሊት ድንጋይ ሲያንከባልል።
ዞር ያላለ አልነበረም።
ስም እየጠራን ሮጥን፣ በጨለማ እየቆጠርን፣
አንድ ሲጎድል ደግመን፣
ከአንድ ጀምረን።

ወጣሁ። አምፖሉ በርቷል፣ ሂንድያ ሎሚ ትመርጣለች።
«ፊልሙ እንዴት ነበር?» አለች።
«ጥሩ ነው» አልኳት።
ባጃጅ እየጮኸ በጠባቡ መንገድ ታጠፈ።
ጋሪዬን በሁለት እጄ ይዤ
አንድ ክንድ ወደ ግድግዳው ሳብኳት።