ሰማንያ አምስተኛዋ ጠርሙስ

ሰባት ቦታ መረጥን ከቦርከና ዳርቻ፤
አንዱን ከላይ፣ ወንዙ ገና ሳይገባ ኮምቦልቻ፣
ስድስቱን ከቱቦው አፍ ቁልቁል፣ እስከ ሽንኩርቱ ማሳ።
በየማክሰኞው፣ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ባጃጃችን ተነሣ፤
ጓንት፣ የበረዶ ሣጥን፣ እርሳስ፣ ቁጥር የተለጠፈበት ጠርሙስ፣
አሥራ ሁለት ሳምንት፣ ከመጋቢት ወገብ እስከ ሰኔ ድረስ።
ሰባት በአሥራ ሁለት፦ ሰማንያ አራት።

የሥራ ጓዴ ዘምዘም ናት፤ በስሟ እንቀልዳለን፣
ይህን ውሃ በእሷ እጅ ስናስቀዳ እናፍራለን።

ውጤቱ ጥሩ ነበረ።
አማካዩ ከተፈቀደው ወሰን ዝቅ ብሎ አደረ፤
ልይይቱ ጠባብ፣ ቁጥሮቹ ትከሻ ለትከሻ እንደ ወንድማማች፣
ክሮሙም፣ አሞንያውም፣ ሁሉም ከመስመሩ በታች።
አቶ ግዛው ሪፖርቱን በሁለት ጣት አንሥተው
«አብሽሩ» አሉን፤ «ወንዙ ደኅና ነው።»

ሙህዬ ይመር፣ ሽንኩርት ተካዩ፣ ሪፖርት አያነቡም።
እሳቸው የሚቆጥሩት ሌላ ነው፦
ካቻምና በሌሊት ስንት እንቁራሪት፣ ዘንድሮ ስንት።
«እንቅልፍ የነሣኝ በሽታ ነው» አሉኝ፤ ጤና ጣቢያ ጠቆምኩ።
ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ቃሉን ሰበር አርጊና ስሚው።»
እስኪገባኝ ቆምኩ።

አንድ ሐሙስ ማለዳ ከቢሮው ደጅ አገኘኋቸው፣
አንድ ሃይላንድ በጋቢ ጠቅልለው በእጃቸው።
«ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቀዳሁት ነው።
ላሜ አሸተተችና ተመለሰች፤
እሷም እንደኔው፣ ሪፖርት አላነበበች።»

ለካሁት። ደግሜ ለካሁት።
መሣሪያው ተሳስቶ እንደሆን ብዬ አጥቤ ለካሁት።
የሰማንያ አራቱን አማካይ አሥራ አንድ እጥፍ አገኘሁት።

አቶ ግዛው ሥዕሉን አዩ፦ ነጥቦቹ እንደ ጥልፍ ተደርድረው ከታች፣
አንዷ ብቻ ከወረቀቱ ጫፍ፣ ጣራ ላይ የወጣች።
«ያፈነገጠች ናት» አሉ፤ «ያልታጠበ ላስቲክ፣ ያልሠለጠነ እጅ፣
ያለ ሰዓቷ የመጣች። ትሰረዝ። ደንብ አለ፣ ልጅ።»

እውነታቸውን ነው፣ ደንብ አለ።
ያን ማታ በደንቡ መሠረት መዝገቡን ስመረምር፣
ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት፤ ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት፤ ሌላ የለም ቁጥር።
ለካ ወንዙን አልለካነውም፤
እንግዳ መምጣቱን ያወቀ ቤት አይተን ወጣን፣
ተጠርጎ፣ አልጋው ተነጥፎ የጠበቀን።
ሰማንያ አራት ጊዜ ያንኑ በር አንኳኳን፤
ሰማንያ አራት ጊዜ «ደኅና ነኝ» አለን።

ነጥቧን አልሰረዝኳትም። በቀይ ከበብኳት፤
ከሥሯ «ሙህዬ ይመር፣ ሌሊት ዘጠኝ» ብዬ ጻፍኩላት።

ዘምዘም ሃያ አራት ቁራጭ ወረቀት ላይ ሰዓት ጻፈች፤
ሙህዬ ቆባቸውን አወለቁ፤ እንደ ዕቁብ ዕጣ በጠበጠች።
«ዕጣ እንኳ ቀጠሮ አይነግርም ለቱቦ» አልኩ።
መጀመሪያ የወጣው ግን እኩለ ቀን ነበር፤
ሦስታችንም ሳቅን፣ ሄደን ቀዳን፣ ምንም አልተገኘም።
ያም ተጻፈ። የማይመቸንም ቁጥር ቁጥር ነው።

አሁን ሌሊት ስምንት ሊሆን ነው።
ዘምዘም ባትሪውን ወደ መሬት አዘቅዝቃለች።
ሙህዬ ላማቸውን ራቅ አድርገው አስረው
ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድም ቃል አልተናገሩ።
ጠርሙሱ ባዶ ነው፤ ውሃው ይሄዳል፣ ምን ይዞ እንደሆን ገና አናውቅም።
ከወዲያ ማዶ፣ ከሸምበቆው ሥር፣
አንዲት እንቁራሪት።

ሙህዬ ጣታቸውን አነሡ።
«አንድ» አሉ።
ዘምዘም በየትኛው ዓምድ እንደምትጽፋት ጠየቀችኝ።