ቁጠሩን

ስምንተኛ ክፍል፣ ሚሲሲፒ፣ በግንቦት፣
መስኮት ተከፍቶም ነፋስ እንቢ ያለበት።
ሚስ ፔቲግሩ ጠመኔ ጨብጠው፣
የልብስ አጣቢዋን፣ የቨርኔል ቲስዴልን ንግግር
እንደ ቅርጫ ሥጋ ብልት በብልት አውጥተው፣
«ይህ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ይህ ሰውኛ» አሉን፤
«ይቺ ግን ድግግሞሽ። ስንቴ አለች ‹ቁጠሩን›?»

ዘጠኝ፣ አልሁ እኔ። «ለምንስ ዘጠኝ?» ዝም።
«ምስማር በአንድ ምት ግንድ ውስጥ አይሰምጥም፤
ቃልም ባንዴ ተብሎ ከልብ አይተከልም።»
ጻፍን፦ ምስማር። ግንድ። ልብ።
ከሰባተኛው በፊት ሰረዝ አለች አንዲት፣
መጽሐፉ ያተማት፣ ቀጭን፣ ብቸኛይት።
«ይህቺ» አሉ «ሆን ተብላ የተተወች ፋታ ናት፤
ሰሚ ትንፋሹን እንዲውጥ የተቀመጠች ብልሃት።»

በሩ ላይ ባልዲ ተንቋቋ።
ሚስተር ክሊተስ ባግሊ፣ ወለል የሚያጸዱት፣
መወልወያቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈውት፣
«ይቅርታ፣ ሚስ» አሉ፤ «እዚያ ነበርሁ እኔ።
ያኔ ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ ስሜ ከመራጭ መዝገብ የለም፤
የቆምሁትም መጨረሻ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ።
ድምፅ ማጉያው አልደረሰንም፤
ሌሊት ሽቦውን በመጥረቢያ በጥሰውት አድረዋል።
እሷ ትላለች፤ የፊተኛው ዞሮ ለኋለኛው ይላል፤
ቃሉ፣ ቤት ሲቃጠል እንደሚቀባበሉት ባልዲ፣
ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣
መንገድ ላይም ይፈሳል።
እኔ ዘንድ ሲደርስ ‹ቁጠሩን› ይሁን ‹ቁረጡን›
አልለየሁትም።
‹ቁረጡን ነው የምትለው?› ብል ጎረቤቴን፣
‹ዝም በል፤ ትደግመዋለች› አለኝ።

ደገመችው። ደግማ ደገመችው።
ለየኋላው ረድፍ አንድ አንድ ነበር የሰፈረችው።
ዘጠኝ ደግሞ አይደለም፣ አሥር ነው።
ጽሑፍ የያዘው ልጅ ከፊት ተቀምጦ
አሥረኛው አምልጦታል፤
እሱን ያልነው እኛ ነን፣ ከሐዲዱ ማዶ ያለነው።»

«ሰረዟስ?» አልናቸው።
ሳቁ፤ ሁለት ጥርስ የጎደለው ሳቅ።
«ሰረዟማ ሚስተር ሃስኬል ነው፣
የላውንደሪው ጌታ፣ የእንጀራዋ ባለቤት።
ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ወጥቶ ቆመ፣ ባርኔጣውን ሳያነሳ።
የለበሰውን ሸሚዝ ያን ቀን ጠዋት የተኮሰችው እሷ ናት።
ፊቱን አላየችም፣ ኮሌታውን ነው ያየችው፤ ይህን ኋላ የነገረችን ራሷ ናት።
ምራቋን ዋጠች።
ቀጠለች።
ሰኞ ሥራ አልነበራትም።»

ባልዲያቸውን አነሡ። «ወለሉ ርጥብ ነው፣ ተጠንቀቁ» ብለው ሄዱ።
ሚስ ፔቲግሩ ከሰሌዳው ፊት ቆሙ፣
ጠመኔው እጅጌያቸው ላይ እየረገፈ፣
ደወሉ እስኪደወል።
ያቺን ዝምታ ማንም ስም አልሰጣትም፤
እኛም ደብተራችን ላይ አላሰፈርናትም።

ዓርብ ፈተና መጣ፦ «ድግግሞሹ ለምን?»
ሁለቱንም ጻፍሁ፣
ምስማሩንም፣ የተበጠሰውን ሽቦም።
ከአምስት ሦስት ሰጡኝ።
በኅዳጉ፣ በቀይ ቀለም፣ አንዲት ሰረዝ ተሰምራለች፤
ሊጽፉ ጀምረው ይሆን፣ ጨርሰው ይሁን
እስከ ዛሬ አላውቅም።
ከሰረዟ ወዲያ ምንም የለም።