የመጠለያው ቁልፍ

የመጠለያው ቁልፍ እኔ ጋ ነው ያለው፤
ቂርያት ጋት፣ ከሕንጻችን ሥር፣ አሥራ ስምንት ደረጃ ተወርዶ ነው የሚገኘው።
ማክሰኞ ማታ፣ ሐሙስ ማታ፣
አራት ልጆች ይመጣሉ፣ በነሐሴ ወበቅ ጥቁር ቆዳ ለብሰው፣ ያለ ፈገግታ።
ጥቁር ቦት ጫማ፣ ጥቁር ጥፍር፣
ላባቸው ይንቆረቆራል፤ እነሱ ግን ወይ ክብር!
«ሰላም ነው?» ስላቸው ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ፣
ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው አቀርቅረው ይወርዳሉ።

ስማቸው «የዝገት ነቢያት» ነው።
መጀመሪያ የነገሩኝ ቀን ሳቄን በሳል ሸፈንኩት፤
ዝገትንስ የማውቀው እኔ ነኝ፣
የዚያን የብረት በር ማጠፊያ በየወሩ ዘይት የማጠጣው።

ዘፋኙ አቪኤል ነው፣ የወይዘሮ ዝማም የመጨረሻ ልጅ፣
ቀን ቀን ሱፐርማርኬት እርጎ ደርዳሪ፣ ትሑት፣ የሰው ወዳጅ፤
ማታ ግን ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ አንቆ፣
ያጓራል ገደል እንደ ገባ በሬ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አጥብቆ።
«ሰማይ ይቀደዳል! አጥንት ይዘንባል! ዙፋኑ ይነዳል!»
(ቃሉ ዕብራይስጥ ነው ይላሉ። ለኔ ስላቫ ነው በወረቀት የጻፈልኝ፣
ከበሮ መቺው፣ የጥርስ ሐኪሟ ልጅ፤ እሱም ሳይስቅ።)

አንድ ሐሙስ የጊታሩ ክር ተበጥሶ የኦሬንን ጉንጭ ገረፈው።
የወጣው ደም የምስር ፍሬ ቢያህል ነው፤
እሱ ግን በጣቱ ነክቶ አየውና ፊቱ በራ፣
ሹመት እንደ ደረሰው ባላገር ደረቱን ነፍቶ፣ ጀመረ ሊያቅራራ።

ማቅራራት ካልኩ፣ አጎቴ አድጎይ ትዝ አለኝ፣
ወገራ፣ ሠርግ ቤት፣ ዱላውን ሰብቆ ሲዘል፦
«ዘራፍ! የነብር አባራሪ፣ የጅብ መንጋጋ ሰባሪ!»
ልጅ ነበርኩ። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በእግሬ ሰምቻለሁ።
ያው ሰውዬ ሌሊት ሽንት ሲወጥረው
ሚስቱን ቀስቅሶ፣ ፋኖስ አስይዞ ነበር ደጅ የሚወጣው።
ግን በዘራፉ ሰዓት ማን ይስቃል?
ባዩም ያውቃል፣ ሰሚውም ያውቃል፤
አንድ ሰው ከሳቀ ነብሩም፣ ጅቡም፣ ሠርጉም ያልቃል።

የፑሪም ማታ ትርኢት አሳዩ።
ደረጃው ላይ ንብ የመሰለች ሕፃን፣ ሁለት የሽቦ ቀንድ አድርጋ፣
አቪኤልን አስቆመችው፦ «አንተ ምን ሆነህ ነው የለበስከው?»
ፊቱ እንደ ሬሳ በኖራ የተቀባ፣ ከዓይኑ በታች ጥላሸት፦
«ምንም አልሆንኩም» አላት ጎንበስ ብሎ። «እኔ ነኝ።»

ተመልካቹ አሥራ አንድ ነበር፣ እኔን ጨምሮ።
ከአሽዶድ ሠርግ አዳራሽ በርካሽ የተገዛ የጭስ ማሽን፣ ስላቫ አስነሥቶት ባንዴ አምርሮ፣
ጭሱ መውጫ ሲያጣ ደረጃውን ይዞ ሽቅብ ነጎደ፣
ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ፤ አንድ ሰው ደወለ፤ የእሳት አደጋ መኪና ከተማውን እያስጮኸ ወረደ።

በሩ ተበረገደ። ሁለት ሰዎች፣ የራስ ቁር፣ ጭንብል፣ መጥረቢያ።
አሥራ አንዱ ሰው በጭብጨባ አበደ፣ ትርኢት መስሎት።
ጊታሩ ቆመ።
«ኃላፊው ማነው?» አለ ባለመጥረቢያው፤
የዙፋን አንዳጁ፣ ሰማይ ቀዳጁ፣ በዚያች በእርጎ ቤት ድምፁ፦
«እኔ ነኝ ጌታዬ። ይቅርታ።»

ያኔ ሳቅ እንደ ማስነጠስ አፍንጫዬ ድረስ መጣ፤
ከንፈሬን ነከስኩት እንዳይወጣ።
ልጁ እያየኝ ነበር፣ ኖራው በላብ ተሰንጥቆ።
«ኃላፊው እኔ ነኝ» አልኩ፣ «ቁልፉ ይኸው።»
ባለመጥረቢያው በወፍራም ጓንቱ ቅጣቱን ጻፈ፣ አራት መቶ ሰቅል፣ ቀስ ብሎ፣
ፈረምኩ፣ እኔም ፊቴን አኮሳትሬ፣
አምፖሉን አጠፋሁላቸው፦ «ጨርሱ!»

ሁሉም ሲሄዱ ገመድ እየጠቀለልኩ ቀረሁ።
ማይክሮፎኑ ትንሽ ቀይ መብራት አለችው፤ አልጠፋችም።
ግራ ቀኝ አየሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
«ዘራፍ!»
ግድግዳው ተቀብሎ ሦስት ጊዜ መለሰልኝ፤ የአጎቴ ድምፅ ነው ልል ስል ሳል ያዘኝ።
ከላይ ወይዘሮ ዝማም፣ በደረጃው፦
«ደግሞ ማነው አሁን? ለእርሱም ማር በሎሚ ላፍላ?»